ለመታጠቢያ ቤት ዕቃዎች ድንጋይን ስለ መብሳት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰው ቤት ሲሠራ ወይም የሠራውን ሲያድስ ገንዘቡን ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ለዐይን በሚታየው ነገር ላይ ነው። ግድግዳው ይለሰናል፤ በሩ ይቀባል፤ ወለሉ ይነጠፋል፤ በመጨረሻም በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የእጅ መታጠቢያው የሚቀመጥበት ግራናይት ወይም እብነ በረድ ተገዝቶ፣ ተለክቶ፣ በሰው ትከሻ ደረጃ ለደረጃ ወጥቶ ከቦታው ይገባል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከሁሉ ያነሰ ይመስላል፤ ይኸውም የውሃ መክፈቻው የሚቆምበትን፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት የሚሰፋ አንድ ቀዳዳ መብሳት ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ከካባ ወጥቶ፣ በመጋዝ ተሰንጥቆ፣ በመኪና ተጭኖ ያን ሁሉ መንገድ በደኅና ከተጓዘ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በዚህች ቀዳዳ ላይ ነው።

ይህን ንግግር የሚያቀርብላችሁ ሰውም ይህ ጉዳት የደረሰበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመታጠቢያ ቤቴ የሚሆን አንድ ጥቁር ግራናይት ከደመወዜ ለስምንት ወር ያህል አጠራቅሜ ገዛሁ። ቀዳዳውን እንዲበሳ የመጣው ወጣት ጨዋና ታታሪ ነበር፤ በእጁ የነበረው ግን ለኮንክሪት የሚሆን፣ እየመታ የሚበሳ መሰርሰሪያ ብቻ ነበር። በድንጋዩ ላይ ክብ ሥሎ በክቡ ዙሪያ ትናንሽ ቀዳዳዎች ከበሳ በኋላ መካከሉን በመሮና በመዶሻ ለማውጣት ጀመረ። በሦስተኛው ምት ከቀዳዳው እስከ ድንጋዩ ጠርዝ ድረስ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ፤ ጥቂትም ሳይቆይ የስምንት ወሩ ቁጠባዬ ሁለት ቦታ ተከፈለ። በዚያች ሰዓት እኔ የተመለከትሁት ድንጋዩን ብቻ ነበር። ወጣቱ ከቅንድቡ እስከ ጫማው በትቢያ ተሸፍኖ እየሳለ መቆሙን ልብ ያልሁት ቆይቼ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ስለ ሁለቱም ይሆናል፤ ስለ ድንጋዩና ስለ ሠራተኛው።

ድንጋይ ስለ ምን ይሰነጠቃል?

ድንጋይ ጠንካራ ነው ሲባል ጥንካሬው በየትኛው በኩል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ድንጋይ ከላይ የሚጫነውን ክብደት በመሸከም በኩል ተወዳዳሪ የለውም፤ ካቴድራሎችና ድልድዮች በእርሱ ላይ የቆሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ሁለት ወገን የሚስበው ኀይል ያገኘው እንደሆነ ግን የመቋቋም ችሎታው እጅግ ያንሳል። በግራናይት ላይ የተደረጉ ፈተናዎች እንደሚያሳዩት፣ ለመሳብ ያለው ጽናት ጫናን ለመሸከም ካለው ጽናት አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው።

አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ባዶ በሆነ ቦታ ላይ ተቀምጦ ከላይ ሲመታ፣ የላይኛው ፊቱ ሲጨመቅ የታችኛው ፊቱ ይሳባል። ጨርቅ ቢሆን ይለጠጥ፣ ብረት ቢሆን ይታጠፍ ነበር፤ ድንጋይ ግን አይለጠጥም፣ አይታጠፍምም። ስለዚህ ከታች በኩል ባለችው ደካማ ሥፍራ ይከፈትና ስንጥቁ ወደ ቅርቡ ጠርዝ ይሮጣል። ቀዳዳው ማዕዘን ያለው የሆነ እንደሆነ ደግሞ የሚስበው ኀይል ሁሉ በማዕዘኑ ጫፍ ላይ ይከማቻል። የእኔን ግራናይት የሰበሩትም እነዚሁ ሦስቱ ምክንያቶች ናቸው፤ ምቱ፣ ከሥሩ ድጋፍ ማጣቱና የቀዳዳው ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ መሆኑ።

የጥንካሬ መለኪያ

ፍሪድሪክ ሞስ የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. ማዕድናትን አንዱ ሌላውን በመጫር ችሎታቸው ከ1 እስከ 10 በተራ አስቀምጧቸዋል። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ መለኪያ መሠረት የእብነ በረድ ዋና አካል የሆነው ካልሳይት 3ኛ ነው። በግራናይት ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት ፌልድስፓር 6ኛ፣ ኳርትዝ 7ኛ ናቸው። አልማዝ ደግሞ በ10ኛው፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ይገኛል።

የቢላዋ ብረት በዚህ ሰንጠረዥ ከ5 ጥቂት ከፍ ይላል። እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ በብረት መሣሪያ እብነ በረድን መጫር ሲቻል በግራናይት ውስጥ ያለውን ኳርትዝ ግን ፈጽሞ መጫር እንደማይቻል ነው። ተራውን የብረት መብሻ በግራናይት ላይ ያዞረ ሰው የሚበላው ድንጋዩን ሳይሆን መብሻውን ነው። በኮንክሪት መብሻ ጫፍ ላይ የሚታየው ቱንግስተን ካርባይድ ከኳርትዝ ይጠነክራል፤ የሚሠራው ግን በአብዛኛው እየመታና እየፈረከሰ ስለሆነ ለቀጭን የድንጋይ ሰሌዳ አይስማማም። ስለዚህ ለሰፊና ለንጹሕ ቀዳዳ የሚቀርልን አልማዝ ነው።

የጥንት ሰዎች እንዴት ይበሱ ነበር?

አልማዝ ሳይኖር ግራናይት አይበሳም ነበር ማለት ግን አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ከአራት ሺህ ዓመታት በፊት ግራናይትን በመዳብ ቱቦ ይበሱ ነበር። ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ቅርስ ተመራማሪ በጊዛ ያደረገውን ጥናት በ1883 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ውስጥ የሚገኘው የግራናይት ሣጥን በቱቦ መብሻ እንደተቦረቦረና ምልክቱም በውስጡ እንደቀረ ገልጿል።

መዳብ በሞስ መለኪያ 3 ያህል ነው፤ ታዲያ ለስላሳው ብረት ጠንካራውን ድንጋይ እንዴት በላው? ዴኒስ ስቶክስ የተባለው ተመራማሪ የጥንቱን መሣሪያ መልሶ ሠርቶ በሙከራ እንዳሳየው፣ የሚበላው መዳቡ ሳይሆን ከሥሩ የሚጨመረው አሸዋ ነው። አሸዋው ኳርትዝ ስለሆነ ከግራናይቱ ጋራ እኩል ይታገላል፤ የመዳቡ ቱቦ ተግባር አሸዋውን ይዞ በክብ መንገድ ማዞር ብቻ ነው። ሥራው እጅግ አዝጋሚ ቢሆንም ድንጋዩን አይሰብርም፤ የማይመታው ድንጋይ አይሰነጠቅምና።

የዛሬው መሣሪያም በመሠረቱ ከዚህ አልራቀም። በ1860ዎቹ ዓመታት ዦርዥ ኦጉስት ሌሾ የተባለው የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ በብረት ቱቦ ከንፈር ላይ ጥቁር አልማዞችን በመትከል ዐለትን የሚበሳ መሣሪያ አሰበ። ከዚያም በ1955 የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰው ሠራሽ አልማዝ መሥራቱን አስታወቀ። አልማዝ ከጣት ቀለበት ወርዶ ወደ ግንበኛው የመሣሪያ ሣጥን ለመግባት የቻለው ከዚህ ዘመን ወዲህ ነው። ዛሬ ከማናቸውም ደኅና የግንባታ ዕቃ መደብር የሚገዛው የአልማዝ ቱቦ መብሻ የግብፁ መዳብና የሰዓት ሠሪው ሐሳብ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ቱቦ የሆነበት ምክንያት

አንዳንድ ሰው 35 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ለመብሳት መብሻው ድፍን ቢሆን የሚሻል ይመስለዋል። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ 962 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቱቦው ከንፈር ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ወደ ዱቄት የሚለወጠው የድንጋይ ቀለበት 255 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህም ከጠቅላላው አንድ አራተኛውን ያህል ነው። የቀረው ሦስት እጅ እንዳለ እንደ እምብርት ተቆርጦ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ያጥራል፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ትቢያውም ያንሳል።

የአልማዝ ቱቦዎች በዋናው ነገር ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት አልማዙ በከንፈሩ ላይ በአንድ ረድፍ ብቻ የተለበጠበት ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፤ ያ አንድ ረድፍ ሲያልቅ ግን መሣሪያውም አብሮ ያልቃል። ሁለተኛው ዓይነት አልማዙ ከብረት ዱቄት ጋራ ተቀላቅሎ በሙቀት የተጋገረበት ነው፤ የላይኛው ረድፍ ሲበላ ከሥሩ ያለው ብቅ ስለሚል ረጅም ዘመን ያገለግላል። ለአንድ ቀዳዳ ብቻ ለሚፈልገው የቤት ባለቤት ፊተኛው ሊበቃው ይችላል፤ ኑሮውን በዚህ ሥራ ለመሠረተ ባለሙያ ግን ሁለተኛው ይመረጣል።

ከመብሳት በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዳሉት፣ የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መሰርሰሪያው ከመነሣቱ በፊት ያለው ነው።

አንደኛ፤ ዕቃው ሳይገዛ ቀዳዳ አይበሳ። በአንድ ቀዳዳ የሚቆሙ የእጅ መታጠቢያ የውሃ መክፈቻዎች ብዙውን ጊዜ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይፈልጋሉ፤ ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ አይደሉም። የመክፈቻው እግር ስፋት 45 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ቀዳዳውን በየወገኑ የሚሸፍንበት ትርፍ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት የተሳሳተ ቀዳዳ ለዘለዓለም ሲታይ ይኖራል። የመክፈቻው ብሎን ርዝመትም ከድንጋዩ ውፍረት አልፎ ከታች ማሰሪያውን መያዝ መቻሉን ማረጋገጥ ያሻል።

ሁለተኛ፤ ቦታው ይመርመር። የመክፈቻው አፍ እስከ ሳህኑ መካከል መድረሱ፣ እጀታው ወደ ኋላ ሲገፋ ከግድግዳው ጋራ አለመጋጨቱ፣ ከድንጋዩ በታች የሣጥን እንጨት ወይም የብረት ድጋፍ አለመኖሩ አስቀድሞ ይታይ። ከቀዳዳው እስከ ድንጋዩ ጠርዝ የሚቀረው ሥፍራ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚህ ያነሰ የሆነ እንደሆነ ያ ቀጭን ክፍል በመብሳት ላይ ሳለ ወይም መክፈቻው ሲጠብቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚበሳው የግድግዳ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ከበስተኋላው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቧንቧ አለማለፉ ይጣራ።

ሦስተኛ፤ ድንጋዩ ይደገፍ። ቢቻል ድንጋዩ ከቦታው ሳይገባ በፊት በጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ በጠንካራ ጣውላ ላይ ሙሉ በሙሉ ተደላድሎ ይበሳ። ከቦታው ገብቶ ከሆነ ከሥሩ ጣውላ ቀርቦ በምሰሶ ይደገፍ። ይህ ጣውላ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ድንጋዩ ወደታች እንዳይለምጥ ያደርገዋል፤ መብሻው በመጨረሻ ሲያልፍም የታችኛው ፊት እንዳይፈረከስ ይጠብቀዋል።

የመብሳቱ ሥራ

ቱቦው እንደ ተራው መብሻ መካከሉን የሚይዝ ሹል ጫፍ የለውም። ስለዚህ በለሰለሰው ድንጋይ ላይ ቀጥ ብሎ ቢጀመር ይንሸራተትና የድንጋዩን ፊት ይጭረዋል። ለዚህ መድኀኒቱ ቀላል ነው። በአንድ ጣውላ ላይ የቱቦውን ልክ የሚያህል ቀዳዳ አስቀድሞ ይበሳና ጣውላው በድንጋዩ ላይ በማሰሪያ ይጠበቃል፤ ቱቦውም በዚያ መሪ ውስጥ ገብቶ ይጀምራል። ድንጋዩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከተቆረጠ በኋላ ቀለበቱ ራሱ መሪ ስለሚሆን ጣውላው ይነሣል። ልምድ ያለው ባለሙያ ግን ቱቦውን ጥቂት አዘንብሎ በአንድ ወገን እንደ ጨረቃ ቅርጽ ያለ ምልክት ካወጣ በኋላ ቀስ እያለ ያቀናዋል።

መሰርሰሪያው የሚመታበት ሥርዓት ካለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መዘጋቱ ይረጋገጥ። ይህን አንድ ነገር የዘነጋ ሰው የቀረውን ምክር ሁሉ ቢከተል አይጠቅመውም።

ቀጥሎ የፍጥነት ነገር አለ። 35 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቱቦ አንድ ጊዜ ሲዞር ከንፈሩ 110 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር 110 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ለመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ መውረጃ የሚሆነው 110 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቱቦ በዚያው ዙር ቢሽከረከር ግን ከንፈሩ በደቂቃ 345 ሜትር ያህል ይሮጣል። እንግዲህ ቀዳዳው በሰፋ መጠን ዙሩ መቀነስ አለበት ማለት ነው። በእጅ ተይዞ ለሚበሳ የ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በደቂቃ ከ1000 ዙር ባይበልጥ ይመረጣል፤ የመሣሪያው አምራች የሰጠው መመሪያ ካለ ደግሞ እርሱን መከተል ነው።

ጭነቱም ልከኛ ይሁን። መሰርሰሪያው በራሱ ክብደትና በጥቂት የእጅ ግፊት ይሥራ እንጂ ሰው በደረቱ አይጫነው። በየጥቂት ሰኮንዱ ቱቦው ሳይቆም በትንሹ ከፍ ዝቅ ቢደረግ ውሃው ወደ ሥር ይገባል፤ ጭቃውም ይወጣል። ወደ መጨረሻው ሲደረስ፣ ይኸውም ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀር፣ ግፊቱ ጭራሽ ይቀንስ። ሠራተኛው ለመጨረስ የሚቸኩለው በዚህ ሰዓት ነው፤ ድንጋዩም የሚፈረከሰው በዚሁ ሰዓት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ግፊት ቢጨመርም መብሻው አልቆርጥ ብሎ የሚንሸራተት የሆነ እንደሆነ ከንፈሩ ልስልስ ብሏል ማለት ነው፤ አልማዞቹ ደንዝዘው ብረቱ ሸፍኗቸዋል። ተጋግሮ የተሠራው ዓይነት ቱቦ ከሆነ በአሸዋ ድንጋይ ወይም በተራ የሸክላ ጡብ ላይ በውሃ ጥቂት ጊዜ ቢበሳበት፣ ሻካራው ጡብ ብረቱን ይጠርግና አዲሶቹን አልማዞች ያወጣቸዋል። ብዙ ሰው አለቀ ብሎ የጣለው መብሻ በዚህ ዘዴ ሊድን ይችል ነበር።

ውሃ የግድ የሚያስፈልግበት ምክንያት

ከማናቸውም ነገር ይልቅ ይህን ሥራ የሚያሳምረው ውሃ ነው። ውሃ ሦስት ተግባር አለው፤ ያቀዘቅዛል፤ ዱቄቱን ከቀለበቱ ጠርጎ ያወጣል፤ ትቢያውንም በአየር ከመብነን ይከለክላል።

አልማዝ ከነገር ሁሉ ቢጠነክርም እሳት ጠላቱ ነው። አልማዝ ከከሰል ጋራ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ይኸውም ካርቦን ስለሆነ፣ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ በአየር ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። በደረቁ የሚሽከረከር ቱቦ ከድንጋዩ ጋራ በሚነካካባት ጥቃቅን ሥፍራ ብርቱ ሙቀት ስለሚፈጠር አልማዙ ይጎዳል፤ የያዘው ብረትም ይደክማል። ድንጋዩ በበኩሉ በአንድ ሥፍራ ግሎ በሌላው ቀዝቅዞ ሲገኝ አንዱ ወገን ይለጠጣል፤ ሌላው አይለጠጥም፤ ከዚህም ስንጥቅ ይወለዳል። በተለይም በደረቁ የጋለውን ድንጋይ በድንገት ውሃ ማፍሰስ ጥፋትን መጥራት ነው። ውሃው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ ይኑር።

ውሃውን ለማቆየት ብዙ ወጪ አያሻም። በሚበሳው ቦታ ዙሪያ በጭቃ ወይም በሚለጠፍ ለስላሳ ነገር የጣት ቁመት ያለው ግድብ ቢሠራና ውሃ ቢሞላበት ይበቃል። ቀዳዳው በግድግዳ ላይ የሚሆን እንደሆነ አንድ ረዳት በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አብጅቶ ሳያቋርጥ ያንጠባጥብለታል።

ይሁን እንጂ ውሃና ኤሌክትሪክ የማይስማሙ ናቸው። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልት ነው፤ እርጥብ እጅና እርጥብ ወለል ባለበት ይህ ኀይል ሰው ይገድላል። ስለዚህ ቢቻል በባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ ይመረጥ። ሽቦ ያለው ከሆነ ግን 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል የኤሌክትሪክ ማፈትለክ ሲያጋጥም ወዲያው የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ በመስመሩ ላይ ይኑር፤ መሰኪያው ከውሃው ይራቅ፤ ውሃው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሰኪያው እንዳይደርስ ሽቦው በመካከሉ ወደታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ሠራተኛውም ደረቅ የጎማ ጫማ ያድርግ። መሰርሰሪያው ከውሃው በታች ሆኖ ወደ ላይ መብሳት ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻ የሚቀረው ጭቃ ወደ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ አይፈስስም፤ በቱቦው ውስጥ ረግቶ ይዘጋዋልና። በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ተጠርጎ ከቆሻሻ ጋራ ይጣል። ሳይደርቅም ይጠረግ፤ የደረቀው ጭቃ ተመልሶ ትቢያ ይሆናል።

ስለ ትቢያው

ውድ አድማጮች፣ አሁን የንግግራችን ዋና ወደ ሆነው ነገር ደርሰናል።

በግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ ሲሊካ የሚባለው ነው። ሲሊካ በድንጋይነቱ ሳለ ማንንም አይጎዳም፤ ተፈጭቶ ለዐይን የማይታይ ትቢያ ሲሆን ግን ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ ከገባም አይወጣም። ሰውነት ሊያስወግደው ሲታገል ሳንባው ይቆስላል፤ ቁስሉም ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውም እያደር አየር የሚገባበትን ሥፍራ ያጠብበዋል። ይህ በሽታ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድነው መድኀኒትም አልተገኘለትም። ብዙውን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ በትቢያ ውስጥ በሠሩት ሰዎች ላይ ይታያል፤ ትቢያው እጅግ የበዛ እንደሆነ ግን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። የሳንባ ነቀርሳም በእነዚህ ሰዎች ላይ ይበረታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ትቢያ በ1997 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች መካከል መድቦታል።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2016 ባወጣው ደንብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በስምንት ሰዓት ሥራ በአማካይ ከ50 ማይክሮ ግራም ሲሊካ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ከአንዲት የስኳር ቅንጣት እጅግ ያነሰ መጠን ነው። አሁን ወደ መታጠቢያ ቤታችን እንመለስ። 20 ሚሊ ሜትር በሚወፍር ግራናይት ላይ አንድ የ35 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስንበሳ 14 ግራም ያህል ድንጋይ ወደ ዱቄትነት ይለወጣል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ አንድ እጁ ብቻ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ከዚያም ሩቡ ሲሊካ ነው ብለን ብናስብ፣ 10 ሜትር ኩብ በምትሆን ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 3500 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ይህም ለጊዜው ከተባለው ልክ ሰባ እጥፍ ነው። አንድ ቀን አንድ ቀዳዳ የሚያይ የቤት ባለቤት አይጎዳ ይሆናል፤ በየቀኑ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በደረቁ የሚበሳው ወጣት ግን በየቀኑ ይህን ይስባል።

ከተፈጥሮ ድንጋይ የከፋም አለ። በፋብሪካ የኳርትዝ ዱቄት በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከመቶ 90 የሚያህለው ወይም የሚበልጠው ሲሊካ ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያ ይህን ድንጋይ ሲቆርጡ የነበሩ አያሌ ወጣት ሠራተኞች በዚህ በሽታ ስለተያዙ፣ አገሪቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሰው ሠራሹን ድንጋይ መሥራትና መጠቀም ከልክላለች። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሳይት ስለሆነ በዚህ በኩል አደጋው ያንሳል፤ ነገር ግን በውስጡ ኳርትዝ የተቀላቀለበትም ስለሚገኝ ጥንቃቄው አይቅር።

በአፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ወይም ነጠላ ይህን ትቢያ አያግደውም፤ የጨርቁ ቀዳዳ ከትቢያው ይሰፋልና። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ኤን 95 የሚባለው ወይም ከዚያ የሚበልጠው የአፍንጫ መሸፈኛ ፊትን አጥብቆ ሲይዝ ብቻ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን አስቀድመን የተናገርነው ውሃ ነው። እንግዲህ ድንጋዩን ከመሰንጠቅ የሚያድነውና ሰውዬውን ከበሽታ የሚያድነው አንድ ነገር መሆኑን ልብ እንበል።

ማጠቃለያ

ንግግራችንን የጀመርነው በተሰበረው ግራናይት ስለነበር ፍጻሜውን መናገር ይገባል። ሁለተኛውን ድንጋይ የበሱልኝ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ይዘው የመጡት አንድ ቱቦ መብሻ፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣ አንድ ቁራጭ ጣውላና ከግቢዬ ያነሡት እፍኝ ጭቃ ብቻ ነበር። ጭቃውን በክብ ሠርተው ውሃ ሞሉበት፤ ከዚያም በጸጥታ ይሠሩ ጀመር። እኔ በአጠገባቸው ቆሜ ምን ያህል እንደቀረ ደጋግሜ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ድንጋይ ስንት ዘመን ተኝቶ የቆየ ነው፤ አንድ ሩብ ሰዓት ብንጠብቀው ምን አለበት?» አሉኝ። ሩብ ሰዓትም ሳይሞላ እምብርቱ በጣውላው ላይ ዐረፈ። በክፍሉ ውስጥ ትቢያ የሚባል አልነበረም።

የፊተኛውን ወጣት ያን ዕለት ጠርቼው ነበርና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ ተመለከተ። የተሰበረብኝን ድንጋይ ዋጋ አልጠየቅሁትም፤ ከእርሱ ይልቅ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። የሥራውን ዋጋ ስከራከር ትክክለኛው መሣሪያ እንዳለው አልጠየቅሁም፤ በርካሽ መጨረሱን ብቻ ፈልጌ ነበር። ዛሬ እርሱም የራሱ ቱቦ መብሻ አለው፤ ውሃ ሳይቀርብለትም ሥራ አይጀምርም።

ስለዚህ እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያጋጥማችሁ ከዋጋው በፊት አራት ነገር ጠይቁ። የአልማዝ ቱቦ መብሻ አለህን? ውሃውን በምን ታቆየዋለህ? ድንጋዩን በምን ትደግፈዋለህ? ለአፍንጫህስ ምን ይዘሃል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሠራተኛ ጥቂት ቢያስከፍል ተገቢው ነው። መልስ የሌለውን ደግሞ ከማባረር ይልቅ ማስረዳትና ማገዝ ይሻላል፤ ውሃውና ጭቃው በየቤታችን አለና። ያ ክብ የግራናይት እምብርት ዛሬም በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበተን ይይዝልኛል፤ ባየሁት ቁጥርም የማስታውሰው ያን ወጣት ነው።